ከዝግ ስብሰባው የወጣች አንዲት ቃል

መታሰቢያ ባሏ የሞተባት፣ ከቡሬ ከተማ ወጣ ባለች ቀበሌ በቆሎና ዳጉሳ የምታርስ ሴት ናት። የድንበር ጠብ ስታስታርቅ ቃሏ ስለሚደመጥ ጎረቤቶቿ ለወረዳው ምክር ቤት መረጧት። የፓርቲ አባልም ነበረች።

ከእያንዳንዱ ጉባኤ በፊት የፓርቲው አባላት በር ዘግተው ይመክራሉ። ውስጥ እንደልብ መከራከር ይቻላል። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን በጉባኤው ላይ የሁሉም እጅ አንድ ላይ ይወጣል፤ ማን ምን እንዳለም ደጅ አይወራም።

በዚያ መስከረም የመጣው አጀንዳ የራሷን ቀበሌ የወል ግጦሽ ለአንድ ባለሀብት ከብት ማድለቢያ መስጠት ነበር።

“ሕዝቡ ሳይጠየቅ?” አለች መታሰቢያ።

“ከጸደቀ በኋላ እናወያያለን” አለ ሰብሳቢው ደስታው።

ድምፅ ተሰጠና ተሸነፈች። ሲበተኑ ደስታው የሁሉንም ዐይን ዐይን እያየ “እዚሁ ይቅር” አለ።

ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በግጦሹ ዳር ያልፋል። ሣሩ ከጉልበት በላይ ቆሟል፤ እስኪደርስ ድረስ ማጨድ ክልክል ነው። ልጇን ክርስትና ያነሱላት ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ማርያም ጥጃ ሲያስሩ አገኘቻቸው።

“ከስብሰባ ነው? ምን በጎ ወሬ አለ?”

“ደኅና ነው፣ እትዬ።” ልታልፍ ብላ ቆመች። “ዘንድሮ ሣሩን ቶሎ ብታጭዱት ይሻላል።”

“ኧረ ገና አልደረሰም!”

“ቢሆንም።”

አስካለ ማርያም ትክ ብለው አዩዋት። ማጭዳቸውን ሊያወጡ ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ከእትዬ አስካለ ማርያም ደጅ ማጭድ ሲሳል ሰማች። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። ሳምንቱ ሳያልቅ የቀበሌው ሽማግሌዎች ወረዳው ደጅ ቆመው “ግጦሻችን ሊሰጥ ነው ወይ?” ብለው ጠየቁ።

ደስታው አባላቱን በአስቸኳይ ጠርቶ በሩን አስዘጋ።

“ምስጢር ወጥቷል። ከዚያ ቀበሌ ያላችሁት ሁለት ናችሁ።”

ሁለተኛው ስመኘው የሚባል መምህር ነው፤ ርእሰ መምህር ሊሆን ሹመቱን እየጠበቀ ነበር።

“ስመኘው፣ እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ታይተሃል።”

“ማኅበር ነበረን! አንድ ቃል አልተነፈስኩም” አለ ስመኘው። ሌሎቹ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀሩ።

መታሰቢያ ዝም ብትል የሚነካት የለም፤ አስካለ ማርያም እንደማይናገሩባት ታውቃለች። ስመኘው ግን በላብ ተጠምቋል። ወንበሩን ይዛ ተነሣች።

“እሱን ተዉት። እኔ ነኝ።”

“ምን ብለው ነገሯቸው?” አለ ደስታው።

“ሣሩን ቶሎ እጨዱ አልኩ።”

አንዱ ሊስቅ ቃጣው። ደስታው ግን ፊቱ አልተፈታም። “ይኸው ይበቃል። ደንቡን ያውቁታል።”

“አውቀዋለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ቅጣቱንም እቀበላለሁ። በጉባኤው ላይ ግን እጄን አላወጣላችሁም።”

ከፓርቲው ታገደች። የምክር ቤት ወንበሯ የመራጮቿ ነውና አልተወሰደባትም። ጉባኤው ሲደርስ ብቻዋን ተቃወመች። ስመኘው ዐይኗን ሳያይ ከሌሎቹ ጋር ደገፈ። ውሳኔው ጸደቀ፤ ሽማግሌዎቹ ከደጅ አልነቃነቅ ስላሉ ግን የውኃ ምንጭ ያለበት የግጦሹ ግማሽ ለቀበሌው እንዲቀር ተጨመረበት።

ሁሉም አላመሰገናት። “በግልጽ ነግረሽን ቢሆን ሙሉውን እናተርፈው ነበር” ያላት አለ። ስመኘው ርእሰ መምህር ሆኗል፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን አሳጥሮ ያልፋል።

በቅርቡ ደስታው “ይቅርታ ጠይቀው ይመለሱ” ብሎ ሰው ልኮባታል። “ላስብበት” አለች። እስካሁን አልመለሰችለትም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ግን መልሷን የሚጠይቅ ደስታው እንደሆነ ብላ የያዘችውን ታስቀምጣለች።