ከኪዳን በኋላ የሚመጡት አጎቴ

አጎቴ በጾም ወራት ኪዳን አድርሰው ከካዛንቺስ ላንቻ፣ እናቴ ቤት ድረስ፣ በእግራቸው ይመጡ ነበር። እናቴ ስትጾም የደም ግፊት ክኒኗን ትተዋለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሴ ሳይወጣማ ውሃ አልቀምስም» ትላቸዋለች።

«የንስሐ አባትሽን ጠይቄያለሁ፤ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለውኛል። ዋጪው በቃ፤ አንቺ ከሞትሽ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?»

ሳትውጥ ንቅንቅ አይሉም ነበር። ዘንድሮ ግን እሳቸው ቀደሟት፤ አምላክ ነፍሳቸውን በደጁ ያሳርፍልኝ።

ጾሙ ከገባ ወዲህ ካለሁበት ሩቅ አገር በየጠዋቱ የምደውልላት እኔ ነኝ።

«ውጫለሁ» አለችኝ ዛሬ።

«እማዬ፣ እስቲ ስልኩን ሳትዘጊ ዋጪልኝ።»

«እናንተ ሰዎች መቼም አትለቁኝም» አለችና ውሃ ወደ ብርጭቆ ስትቀዳ ሰማኋት።