ወፍጮው ከመነሳቱ በፊት

ጎረቤቴ ድሮ በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሳለ ለእኔ የሚገባውን የመምህርነት ቦታ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ዛሬ እኔ ቁስቋም ሰፈር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቻለሁ፤ እሱም ጡረታ ወጥቶ ከጎኔ ወፍጮ ተክሏል። ወፍጮው ሲነሳ የእኔ መብራት ይጠፋል።

በቅርቡ ዩኒቨርሲቲው የቆየ በደል የሚሰማ ኮሚቴ አቋቋመ። አቤቱታዬን ማስገቢያው በሚያበቃበት ቀን ላትም ስል ኮምፒውተሩ ሳያስፈቅደኝ ራሱን ማዘመን ጀመረ። «ሠላሳ በመቶ፤ እንዳያጠፉት» ይላል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ማሽኑም አቤቱታዬም አለቀላቸው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ከጎን ሴቶች እህል ሲያወርዱ ሰማሁ።

እየሮጥኩ ወፍጮ ቤቱ ገባሁ። «ጋሼ፣ በእመቤታችን፣ ወፍጮውን ትንሽ ያቆዩልኝ! ኮምፒውተሬ ሊሞትብኝ ነው!»

«ያንተ ሳጥን ስለታመመ እኛ ጦማችንን እንደር?» አለች አንዷ ባለእህል።

እሱ ግን እጁን ከማብሪያው አነሳና ዱቄቱን እያራገፈ ተከትሎኝ መጣ። ከኋላዬ ቆሞ ቁጥሩን ያይ ጀመር። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ውጣ እንዳልለው ፈራሁ፤ ከተናደደ ሄዶ ወፍጮውን ያስነሳዋል።

መቶ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፤ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረውንም መልሶ ከፈተ። በእሱ ላይ የጻፍኩት አቤቱታ ከነስሙ ፊታችን ተዘረጋ።

መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ይኸው ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በል ፈጥነህ አትመው» አለና ወደ በሩ ዞረ፤ «ወፍጮዬን ላስነሳ ነው።»