በሻገተ በቆሎ ላይ ጥቁር አዝሙድ

መሪማ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆጥ ላይ የወጡትን ዶሮዎች አንድ በአንድ ታነሳና ከአንገታቸው ሥር፣ የዋጡት እህል የሚያርፍበትን ከረጢት በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። ከሞላ ዶሮዋ በልታ ውላለች፤ ባዶ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ባለቤቷ በምድር ባቡር ጋራዥ ሲሠራ ኖሮ ከሞተ ወዲህ፣ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢዋ ሃያ አራት ዶሮ ታረባለች። የምትተዳደረውም በእንቁላላቸው ነው።

በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አንድ ቀን የሃያ አራቱም ከረጢት ባዶ ሆኖ አመሸ።

ምክንያቱ አልጠፋትም። በቆሎውን ከናዝሬት የሚያመጣላት የከባድ መኪና ሹፌሩ ባንቴ ነው። ጅቡቲ በደረሰ ቁጥር እሷ ቤት ይበላል፣ ልብሱን ያጥባል፤ እንደ ልጇ ታየዋለች። የደጋው ዝናብ እንዳያገኘው ብሎ ስድስቱን ጆንያ በላስቲክ ጠቅልሎ ዙሪያውን በእጁ ሰፍቶት ነበር። ድንበሩ ላይ ጋላፊ ኬላ ሦስት ቀን በዚያ ሐሩር ሲቆም እህሉ ላስቲኩ ውስጥ አላበው።

«አንዲት ጠብታ አልነካችውም፣ እትዬ» ብሎ ሲያወርድላት የሻጋታው ሽታ አፍንጫዋን መታት። ፊቱን አየችና «እጅህ ይባረክ» አለችው።

እህሉን አጥባ አሰጣችው። ዶሮዎቹ ለቀም እያደረጉ ተዉት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው የሚሉትን የደረቀ የሞሪንጋ ቅጠል ፈጭታ፣ በጥቂት ዘይት ለወሰችበት። በአራተኛው ቀን መልቀም ጀመሩ። ያን ዕለት ከረጢታቸው ሞልቶ ስታገኘው ብቻዋን ሳቀች። በስምንተኛው ቀን ሁለት ዶሮዎች ሞቱ።

ጎረቤቷ ሙጠሊብ ለብዙ ዓመት የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። ጠርታው መጣና አንዲት የበቆሎ ፍሬ በጥርሱ ከፍሎ ውስጧን አየ፤ ምራቁንም ተፋ።

«ቅመምሽ ደግ ነው። የምግብ ፍላጎታቸውን መልሶታል» አላት። «የሻጋታውን መርዝ ግን ከእህሉ አያወጣውም።»

«እና እኔ...»

«አብዝተው እንዲበሉት አደረግሽ።»

መሪማ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «ያን ልጅ ምን እለዋለሁ?»

«ለዶሮዎቹ አታዝኚም?»

«ዶሮ ሆድ አይብሰውም።»

በቆሎውን መስጠት ያኔውኑ አቆመች፤ ፉርሽካ ገዝታ ያንኑ ቅመም ለወሰችበት። ባንቴ ሐሙስ ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነገረችው።

«ሽታው ያን ቀን ገብቶሽ ነበር?»

«ገብቶኛል።»

«እየሸተተሽ ነው የመረቅሽኝ?»

«ላስቲኩን ስትሰፋ ጣትህን ወግተህ መጥተህ፣ ምን ልበልህ?»

«እትዬ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ትራፊክ በቀን አምስቴ ይሰድበኛል። አንቺ አንዴ ብትሰድቢኝ ምን እሆናለሁ?»

«ደደብ» አለችው፤ ቀስ ብላ። «ይኸው። አሁን ታጠብና ብላ።»

በልቶ ሲያበቃ የተረፉትን የበቆሎ ጆንያዎች ሁሉ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ አቃጠላቸው። ሃያ ሁለቱ ዶሮዎች ፉርሽካ እየበሉ ሰነበቱ፤ አቁመውት የነበረውን እንቁላል መጣል እንደገና የጀመሩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።