የአዳማው አምስተኛ ዲያቆን

በዚያ ዘመን አዳማ ማለት በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉ ቤቶችና አቧራ ነበረች። ሰው ሁሉ በባቡሩ ምክንያት ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ ቀን የሚቆጥረውም በባቡሩ ነበር። «ባቡሩ በመጣ ማግስት ና» ይባላል እንጂ «ማክሰኞ ና» የሚል አይሰማም። እኔ የሐዲድ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሑድ መሆኑን የማውቀው ፈረንጁ አለቃችን ጢሙን ተላጭቶ ሲወጣ ነው።

ከጣቢያው ወዲያ ካለው ጉብታ ላይ አንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ደወሏ ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ተሸክሜ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ቅዳሴ ግን አልነበረም። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ በጠቅላላው አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ እዚያ የነበሩት አራት ናቸው። አንድ ሰው በመጉደሉ እሑድ እሑድ የኪዳን ጸሎት ብቻ ተደርሶ ሕዝቡ ይበተናል። የሚመጣውም ሰው እያደር ሳሳ።

እኔ በልጅነቴ በሸዋ ደጋ ዲቁና ተቀብያለሁ። ኋላ ግን ያለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከአንዲት የመቂ ሴት ጋር ጎጆ ወጣሁ። እንዲህ ያደረገ ዲያቆን ዲቁናው ይፈርሳል፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ሚስቴ ማተቧን ያሰረች፣ እንደኔ ያለውን ነገረኛ ችላ የኖረች ሴት ናት። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እኔ ወደ አዳማ የተዛወርኩት እሷ ከሄደች በኋላ ስለሆነ በከተማው የሚያውቃት አልነበረም።

አንድ እሑድ ከግራሩ ሥር ቆሜ ኪዳን ስሰማ፣ ሳላስበው የዲያቆኑን ድርሻ አብሬ አዜምኩ። ዜማው ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ጸሎቱ እንዳበቃ ሽማግሌው ቄስ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ዲያቆን ነህ እንዴ?»

«ነኝ፣ አባ።»

«ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ዜማው ናፍቆኝ ነበር፤ እውነት ነው። ከዚያ ይበልጥ ግን አራቱ አገልጋዮች እንደ ክረምት ዝናብ ሲጓጉልኝ ማየቱ ጣመኝ። ከንቱ ሰው ነበርኩ።

ሰባት እሑድ ቀደስኩ። በእነዚያ ሰባት እሑዶች አዳማ ሌላ ከተማ ሆነች። ሰንበቴ ተቋቋመ፤ በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣና ከቅዳሴ በኋላ ከግራሩ ሥር ተቀምጠን እንቀምሳለን። ከመንዝ የመጣውም፣ ከጅሩ የመጣውም፣ የዚያው አገር ተወላጅ ኦሮሞውም ከአንድ ዳቦ ይቆርሳል። ሙስሊሙ እህል ነጋዴ እንኳ «ገበያተኛዬን ሁሉ ወሰዳችሁብኝ» እያለ እየሳቀ እሑድ እስከ ረፋዱ ሚዛኑን አያነሳም ነበር። ሰዉ ሐሙስ፣ ዓርብ ማለት ጀመረ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን በየእሑዱ ይከብደኝ ነበር። ከመቅደስ ስወጣ ሰዎች እጄን ይዘው ይመርቁኛል። ብናገር እሑዳቸውን መንጠቄ ነው፤ ባልናገር ደግሞ ነፍሴን።

ከሰባተኛው እሑድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሚስቴ ከመቂ ነጋዴዎች ጋር በአህያ መጣች። ያዘለቻት ልጅ ስልሳ አምስት ቀኗ ነበር።

«በመንገድ ወሬውን ሰማሁ» አለችኝ ገና ሳታርፍ። «አምስተኛ ዲያቆን ተገኘ አሉ። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀራት፤ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ እዚሁ ክርስትና ትነሳለች። ዕድለኛ ናት።»

እኔ ነጭ ልብሴን እየጠቀለልኩ ነበር፤ ቀዳሾች የምናድረው ቤተ ክርስቲያን ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ላገለግል።»

«ማሊ?» አለች። «ምን?» ማለቷ ነው፤ ሲከፋት ወደ እናቷ ቋንቋ ወደ ኦሮምኛ ትመለሳለች። «እኔን ምኔ ናት ብለህ ነገርካቸው?»

«ሚስት የለችኝም አልኩ።»

ልጅቷን ከጀርባዋ አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺንስ የማን ናት ልትላቸው ነው?»

ነጭ ልብሴን እዚያው ትቼ ጉብታውን ወጣሁ፤ ለሽማግሌው ቄስም ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት እሑድ?»

«ሰባት።»

«አምስተኛ አገኘሁ ብዬ ደስ ስላለኝ አልመረመርኩህም» አሉ። «ንስሐው ለሁለታችንም ነው። ዲቁናህ ግን አይመለስም። ሞጆ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ዲያቆን አለ፤ እግሩ አይችልም እንጂ ድምፁ አልደከመም። አምስተኛውን ያጎደልክ አንተ ነህ፤ አምስተኛውን አንተው አምጣ።»

በማግስቱ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ሁሉ ቅዳሴ ብሎ መጥቶ ኪዳን ብቻ ሰማ። እኔው ተነስቼ ምክንያቱን ተናገርኩ። ተራዋ የነበረችው ጠላ ነጋዴ፣ «ታዲያ ዳቦዬን ለማን ጋገርኩት?» ብላ አለቀሰች። ዳቦው ተቆረሰ፤ ወደ እኔ የዘረጋ ግን አልነበረም። እንዲያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ፈረንጁን አለቃ ለመንኩት። በእጅ የምትገፋውን የሐዲድ ጋሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድወስድ ፈቀደልኝ፤ ነገር ግን እስከ ሞጆ ድረስ የላላውን ብሎን ሁሉ እያጠበቅሁ እንድሄድ ነው። ወደ ሞጆ ዳገት ነው፤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ላባችን እስኪንጠፈጠፍ እንገፋለን። መመለሻው ቁልቁለት ነው። ሽማግሌው ዲያቆን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጋሪዋ ላይ ይቀመጡና ጋሪዋ ፍጥነት በጨመረች ቁጥር ይቆጡኛል።

«ቀስ በል! ለቅዳሴ ነው የምትወስደኝ ወይስ ለፍትሐት?»

እሑድ ከሰንበቴ በኋላ ደግሞ መልሼ አደርሳቸዋለሁ። ሁለተኛው እሑድ ላይ የልጄ ሰማንያኛ ቀን ዋለ። ሚስቴ ከሴቶቹ ኋላ ለብቻዋ ቆማ ነበር። ያቺ ጠላ ነጋዴ ሄዳ ልጅቷን ከእጇ ተቀበለቻትና ክርስትና እናት ልትሆናት ወደ ፊት ይዛት መጣች።

ሽማግሌው ቄስ እጃቸውን ውኃው ላይ እንዳደረጉ ሕዝቡን ቃኙ። የማን ልጅ እንደሆነች አሳምረው ያውቃሉ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ።

ከወንዶቹ መካከል ወደ ፊት ወጣሁ።

«የእኔ ናት» አልኩ። «እናቷም ያቻት፤ ሚስቴ ናት።»

የሚሰማ እንደሆነ ሞጆ ድረስ ይሰማ ብዬ በዲያቆን ድምፄ ነበር የተናገርኩት።