ፕራዘርን ያስመረጠው ቀልድ

ኦርቪል ፕራዘር ሕግ የተማረው ኬንታኪ ውስጥ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በትውስት መጽሐፍ ነው። ወደ አዮዋ ሲሻገር ከአንድ ኮርቻና ከምላሱ በቀር ምንም አልነበረውም። ምላሱ ግን አያድርስ ነው። ዳኛው በፈረስ ከወረዳ ወረዳ እየዞረ ሲያስችል፣ እሱም እየተከተለ ጥብቅና ይቆማል። በዚያ አገር ፍርዱን የሚሰጡት ለዳኝነት የተቀመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እነሱን ያሳቀ ረታ ማለት ነው።

ሎት ፔንደርንም የረታው በሳቅ ነው። ሎት ወንዝ ዳር ጫካ መንጥሮ፣ ቤት ሠርቶ የሰፈረ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ሰው ነበር። መሬቱን የፈለገው ነጋዴ ፕራዘርን ጠበቃ አቆመ። ሎት ቀድሞ መስፈሩን፣ መሬቱም በሕግ የእሱ መሆኑን ነጋዴው ራሱ ለፕራዘር ሹክ ብሎታል። ችሎት ላይ ሎት፣ “መ-መ-መሬቱን የያ-ያዝኩት” ሲል፣ ፕራዘር ከአፉ ነጥቆ፣ “ይ-ይሄ እስኪጨርስ በ-በ-በቆሎው ይደርሳል” አለ። ፈራጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሎት ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም፤ መሬቱን አጣ፣ የሰው ማሳ ላይ ተቀጥሮ ቀረ።

ቀልዱ አገር አዳረሰና ፕራዘርን ምክር ቤት አስገባው። በሄደበት ሁሉ “እስቲ የሎትን” ይሉታል። ይላል፤ ይስቃሉ። ቤቱ ሲገባ ግን ራሱን ይጠየፋል። መተው ነበረበት፤ ድምፅ ያጓጓልና አልተወም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲወዳደር፣ ለመራጮች ግብዣ አሳማ የተጠበሰበት ሜዳ ላይ፣ ስለሚያሠራው መንገድ ለመናገር ጋሪ ላይ ወጣ። ከሰዉ ኋላ ሎት ቆሟል፤ ሸብቷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ፕራዘር አየው። እውነቱን ዛሬ ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር ታወቀው።

“አንተ ፕራዘር፣ የመንገዱን ነገር ተወውና የሎትን አምጣ” አለ ከፊት የቆመ አንድ አንጥረኛ።

“ዛሬስ አይሆንም።”

“ምነው፣ ሹመት አኮራህ እንዴ?”

“ስሙኝ እስቲ። ያ መሬት እኮ የ-የ-”

ዕድሜውን ሙሉ ከድቶት የማያውቀው ምላስ ተሳሰረ። “የ-የሎ-”

“መጣ፣ መጣ” አለ አንጥረኛው ጭኑን እየመታ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

“ቀ-ቀልድ አይደለም” ቢል ባሰባቸው። ዕንባው ሲወርድ እንኳ፣ “አቤት ሲችልበት” ተባባሉ።

ሎት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ፕራዘር ሊከተለው ከጋሪው ዘሎ ወረደ፤ ሰዉ ግን አፈፍ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣው። በዚያ ዓመት ያገኘውን ያህል ድምፅ ከዚያ በፊት አግኝቶ አያውቅም።