የቆረጥኩት ሦስተኛ ሽቦ

የኤሌክትሪክ ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ጁባ ውስጥ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ማቀዝቀዣዋ በተበላሸ ቁጥር ጠጋኝ መለመን ሲሰለቸኝ፣ ካቻቪቴና ቴስተር ገዝቼ እያቃጠልኩ ተማርኩ። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። ያ ኩራት ልጄን ሊገድልብኝ ነበር።

ኒምራ ታላታ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ ቅዳሜ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ አምፕሊፋየርና አምስት ድምፅ ማጉያ ገጠምኩ። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ወዳጆቻችን መጥተው ከአገር ቤት የሚተላለፈውን መዝሙር አብረን ልናይ ነው። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ ድምፁ ግን ከሥሩ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅዬ መለስኩ፤ የዲሹን መስመር ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የአምፕሊፋየሩን የመብራት ገመድ ከፍቼ ሦስተኛውን፣ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩት። ጉርምርምታው ወዲያው ጠፋ። ሁለቱ ሽቦዎች ሥራውን ከሠሩ ሦስተኛው ጌጥ ነው ብዬ ለባለቤቴ አስረዳኋት።

ቤታችን በጫማ አይገባም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የጁባን ቀይ አፈር ሳሎኔ ውስጥ ማየት አልወድም። ተረከዜን ስለሚያመኝ እኔ ብቻ ወፍራም የጎማ ነጠላ ጫማ አደርጋለሁ።

እሑድ፣ እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ፣ ምስሉ ጠፋ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ወለሉን ወልውላ መጨረሷ ነበር። እጇ ቀጭን ስለሆነ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብታ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣውን የምስል ገመድ የብረት ጫፉን ይዛ ጠበቅ እንድታደርገው አዘዝኳት። ነካ አድርጋ እጇን ሳበችና ይነዝረኛል አለች። እኔም ተንጠራርቼ ያንኑ ብረት ያዝኩት፤ ምንም የለም። ሥራ ለመሸሽ መዋሸት ሰውን የት እንደሚያደርስ ብዙ መከርኳት።

«እኔን ያልነዘረ አንቺን ብቻ ለይቶ ነዘረሽ?»

ዓይኗን እግሬ ላይ ጥላ ቆየች። ከዚያ እጇን እንደገና ዘረጋች።

ዓይኗን ተከትዬ ጫማዬን አየሁ። ቀጥሎ የእሷን ባዶ እግርና በውሃ ተወልውሎ ገና ያልደረቀውን የሲሚንቶ ወለል አየሁ።

«ተዪው፣ አትንኪው» አልኳት።

ጫማዬን አውልቄ ብረቱን በእጄ ጀርባ ነካሁት። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። መብራቱን ከዋናው አጥፍቼ አምፕሊፋየሩን ስከፍተው አንዱ ሽቦ ልባሱ ተልጦ የብረት ሳጥኑን በጫፉ ነክቶ ነበር። የቆረጥኩት ሽቦ ቢኖር ያ ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል መሬት ይገባ ነበር። ቆርጬ ጥዬ መንገዱን በልጄ እግር በኩል አደረግሁት።

እንግዶቹ መጥተው ያለ መዝሙር ተጫውተው ሄዱ። እኔ የሚያወሩትን አልሰማሁም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ንዝረቱ አይደለም። እንደሚነዝራት እያወቀች እጇን መልሳ መዘርጋቷ ነው። ከኤሌክትሪኩ ይልቅ የፈራችው እኔን ነበር። ልጅ አባቷን መፍራት አለባት እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፍርሃት እውነት ከማስዋጥ አልፎ እንደሚገድል ግን አላሰብኩም ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኳት። የተላጠውን ሽቦ ቀይሬ ሦስት ሽቦ ያለው አዲስ ገመድ ገጠምኩ። ጉርምርምታው ተመለሰ። ባለቤቴ ትንሽ አይቀነስም ወይ ስትለኝ፣ ይጩህ፣ አልነካውም አልኳት።

በሳምንቱ የምስል ገመዱ ላልቶ ምስሉ እንደገና ጠፋ። ልጄን ጠራኋት። መጥታ ከመደርደሪያው ራቅ ብላ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

«አባባ፣ መጀመሪያ እርስዎ ጫማዎን ያውልቁና ይንኩት» አለች።

በቤታችን እንዲህ ያለ ንግግር ተሰምቶ አያውቅም። ባለቤቴ የያዘችውን ሰሃን ይዛ ባለችበት ቀረች። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ፣ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ቆምኩ፣ እጄንም ዘረጋሁ።