አባቴ ጣቱን ያሳረፈበት የፈቃድ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። እናቷን ሥራ ስለያዛት እኔ ሄድኩ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የፖለቲከኞች ንግግር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በቴሌቪዥን ሲታይ ተማሪው ገብቶ ለማየት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ያስፈልጋል ተባለና ተጨበጨበ፤ ወዲያው ወረቀት ታደለ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ አባት ስልክ እያወራ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንዲት ቃል ሳያነብ ፈረመና ወደ ፊት አቀበለ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰው፣ ምን ላይ እንደፈረምክ ታውቃለህ?» አልኩት። «ፈቃድ ነዋ እማማ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ብድግ ብዬ ምን ምን እንደተናገርኩ እኔም በደንብ አላስታውሰውም። ሰብሳቢው ልጅ ጨዋ ነው፤ «እናታችን፣ ፈቃድ መጠየቁ ይቅር ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ይኸው ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ንዴቱ አልበረደልኝም። እዚያ መናገር ያቃተኝን እዚህ ልጻፈው።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። የአባቴ ቤት ከአንኮበር ወዲህ ባለው ደጋ ላይ ነው፤ ገብስና ባቄላ ያርሳል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እማር ነበር። አክስቴ ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከሸማኔ እየገዛች ትቸረችራለች። ያን ጊዜ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደዛሬው አይደለም። በኅዳር ጠዋት ደጅ ያደረ ውሃ ላይ በረዶ ረግቶበት እናገኘዋለን፤ ሰልፍ ላይ ቆመን የባንዲራ መዝሙር ስንዘምር ከአፋችን የሚወጣው እንፋሎት ከፊታችን ያለውን ልጅ ማጅራት ይሸፍነዋል። ትኩስ ዳቦ በኪሷ ይዛ የምትመጣ ልጅ ያን ቀን ንግሥት ናት።

እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ነው ዲሬክተራችን ሰልፉ ፊት የቆሙት። በሚመጣው ሳምንት አንድ ክቡር እንግዳ ትምህርት ቤታችን መጥተው ንግግር ሊያደርጉ ነው አሉን። እንግዳው ለሕዝብ እንደራሴነት የሚወዳደሩ ናቸው። «የፖለቲካ ንግግር ስለሆነ ያለ ወላጅ ፈቃድ አናሰማችሁም፤ በሠለጠነው አገር የሚሠራው እንዲህ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያወጡ፣ ትዳር የያዙ ሰዎች አብረውን ይማሩ ነበር። ሽብሩ የሚባለው የሁለት ልጆች አባት እጁን አወጣና «እኔስ የማንን ፈቃድ ላምጣ?» አለ። «አባትህ በሕይወት የለም?» «አለ።» «እንግዲያው እሱን አስፈርም» አሉት። ሽብሩ ሰውየውን ለመምረጥ ዕድሜው ይፈቅድለታል፤ ለመስማት ግን የአባቱ ጣት ያስፈልገዋል። ሳቅን። ነገሩን ያን ዕለት ብናስበው ኖሮ ገና እዚያው ይገለጥልን ነበር።

እኔ ግን የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን እንዳነብ ተመርጬ ነበራ! ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ለእንግዳ ንግግር አንብባ አታውቅም። አክስቴ ነጭ ቀሚስ ልታሰፋልኝ ቃል ገባች። ማታ ማታ ባናው ውስጥ ተጠቅልዬ ያችን አንድ ገጽ እየደጋገምኩ ስለፈልፍ አክስቴ «በቃሽ፣ እንተኛበት» ትለኛለች። ወረቀት ያላስፈረመ ግቢ አይገባም ተብሏል። አባቴ ካልፈቀደ ንግግሩን ሌላ ልጅ ታነበዋለች ማለት ነው።

ወረቀቱ ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ልጄ በትምህርት ቤቱ በሚደረገው ንግግር ላይ እንድትገኝ ፈቅጃለሁ» ይላል። ሁለቱ ደግሞ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ተናጋሪውን ቀኛዝማች እገሌን በቅንነታቸው አውቃቸዋለሁ፤ የማንንም ሰው መሬት ነክተው አያውቁም። እንደራሴ ሆነው ቢመረጡ እደግፋለሁ።» እገሌ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱስ ስማቸውን ከነአያታቸው ነው የጻፈው። እኔ አልጽፈውም፤ ልጆቻቸው ምን አደረጉ። ይህን ያህል በደል አድርሰውብን ዛሬም አንቱ እያልኩ መጻፌ ራሱ ያበግነኛል። ከእንግዲህ አንቱታውን ትቻለሁ።

ይህ ቀኛዝማች ከቤታችን በታች ያለውን መስክ ከነምንጩ «የአያቴ ርስት ነው» ብሎ ያጠረ ሰው ነው። አባቴ ያደገው ያን ምንጭ እየጠጣ ነው። ከብቶቻችን ውሃ ፍለጋ ገደል ወርደው ይወጣሉ፣ አንዲት ላማችን እዚያው ተሰብራ ቀርታለች። አባቴ ከሶ ነገሩ አውራጃ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አላውቅም ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል?

ቅዳሜ አባቴ ገብስ በአህያ ጭኖ ለገበያ መጣ። እናቴ የላከችውን ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ አወጣልኝ። እየበላሁ ወረቀቱን አሳየሁት። አባቴ ፊደል አይለይም።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ንግግር ላይ እንድገኝ ፈቅደሃል ወይ ይላል።»

«እኔን ነው የሚጠይቁት?»

«አዎ አባዬ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሆንም አሉ።»

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «የመንግሥት ሰው ግብር ክፈል ብሎኛል፤ ፈቃድህ ምንድን ነው ብሎኝ ግን አያውቅም» አለና ተነስቶ እጁን ታጠበ። ለአንድ ጣት ሁለቱንም እጁን በሳሙና አጠበ። የሚናገረው ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ነው አልኩት። «ሌላስ ነገር የለበትም?» አለ። «የለበትም» አልኩ። አውራ ጣቱን ከቀለም ቢልቃጤ ነክሮ ካሳየሁት ቦታ ላይ አሳረፈ፤ አሻራው እንዳይበላሽም እፍ እያለ አደረቀው። ሰኞ ጠዋት ያን ወረቀት እየሮጥኩ ወስጄ ለዲሬክተሩ ሰጠሁ።

የንግግሩ ቀን ቀኛዝማች በላንድሮቨር መጣ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ወረቀት ያላመጡት ልጆች ከአጥሩ ውጭ በብርድ ቆመው ያዩናል። አነበብኩ። ድምፄ አልተሰናከለም፣ ተጨበጨበልኝ። ሰውየው ራሴን ዳሰሰኝና «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት። «አውቀዋለሁ፣ ጎረቤቴ ነው» አለና ዲሬክተሩን ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ስለ መንገድ፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ድሃ መብት አንድ ሰዓት ተናገረ። የት የት እንደምናጨበጭብ አስተማሪዎቹ ቀድመው አስጠንተውናል። ስለ ድሃ መብት ሲያወራ እኔም አጨበጨብኩ። ይህን ስጽፍ እጄን ልቆርጠው ይቃጣኛል!

ከጥምቀት በኋላ ነው የተጠራሁት። ዲሬክተሩ ከክፍል አስወጥቶኝ «ፍርድ ቤት ይፈልጉሻል» አለ፤ ለሱም አንቱታዬ እዚህ ላይ አለቀ። በመንገድ ላይ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ነገረኝ። «የምትጠየቂው ሁለት ነገር ነው። ጽሑፉ ያኔም ነበረበት፤ አንቺም አንብበሽለታል። ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡትን ስም ጽፌ የምልከው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ መቼም።» ከዚህ በላይ ማለት አላስፈለገውም።

ችሎቱ ውስጥ የቀኛዝማች ነገረ ፈጅ የወረቀት ክምር ይዞ ቆሟል። የመንደራችን ሰው ጣት ሁሉ፣ ለልጁ ትምህርት ሲል ያሳረፈው ጣት ሁሉ፣ እዚያ ክምር ውስጥ ነው። ከላይ የአባቴ ነበር። ከሳሽ ራሱ «የማንንም መሬት ነክተው አያውቁም» ብሎ የመሰከረበት ወረቀት! አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ ለዳኛው ይመልሳል።

«ጣቱ የኔ ነው። ቃሉ ግን የኔ አይደለም። ያነበበችልኝ ልጄ ናት፤ የሌለውን አትጨምርም፣ ያለውንም አታስቀርም። ይሄ እኔ ከፈረምኩ በኋላ የተጻፈ ነው። እሷን ጠይቋት።»

ዳኛው ጠየቁኝ። «ይህ ጽሑፍ ያኔ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«ለአባትሽ አንብበሽለታል?»

ዲሬክተሩ ከጎኔ ነው። አባቴ ደግሞ ከፊቴ። ፈርቼ ነው እል ነበር ስንት ዓመት፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዘለልኩት ብል ያ ሁሉ ሰው ውሸታምነቴን ሊያውቅ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቴ ሊያውቅ ነው። «አንብቤለታለሁ» አልኩ። ዳኛው ጻፉ። አባቴ አልጮኸም፣ አላየኝምም፤ የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ መለስ አደረገው። መስኩም ምንጩም በዚያው ሄደ።

ወደ አክስቴ ቤት አብረን ነው የተመለስነው። ገበያው እየተበተነ ነበርና በባህር ዛፉ ሥር ባለው መንገድ ከከብት መንጋ ጋር እየተጋፋን ሄድን። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በመታኝ! ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ቆም አለና እንዲህ አለኝ።

«አንብበሽልኝ ኖሯል። እንግዲህ እኔ ነኛ ያልሰማሁት። ጆሮዬን እንጃ፣ ሰሞኑን ልክ አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጆሮው የደከመ ሰው ሆነ። ሰው ሲያናግረው መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ «እ?» ይላል። ስለ ወረቀቱ የሚያነሳበት ሲመጣ «ልጅቷማ አንብባልኛለች፣ እኔ አልሰማሁ ሆኖ ነው» ይላል። መንደሩም ደነቆረ ብሎ ተቀበለ፤ ይጮሁበት ጀመር። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ከዚያም መምህርት ሆኜ ስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጠርኩ። በደመወዜ ለአባቴ ጋቢ እየገዛሁ፣ ቤት እየጠገንኩ፣ ሰው «እንዲህ ያለች ልጅ ውለድ» ሲለው እሰማ ነበር።

አንድ ክረምት ለእረፍት አገሬ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ራሴን እንኳ መስማት አልችልም። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ እሳት ይሞቃል። ሳይዞር «አስካለ፣ መጣሽ?» አለኝ። ደንግጬ ቀረሁ። እሱም የደነገጠ መሰለኝ። ወደ እኔ ሲዞር ግን መዳፉ ጆሮው ላይ ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? ጫማው ሥር ወድቄ ይቅር በለኝ አልኩት? አላልኩም። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አዎ አባዬ፣ መጣሁ!» ብዬ ጮህኩለት። እስኪሞት ድረስ ስጮህለት ኖርኩ።

ሰብሳቢው ለጠየቀኝ መልሴ ይኸው ነው። ፈቃድ ጠይቁ፤ እኔ ፈቃድ ይቅር አላልኩም። ግን አልፈቅድም ያለው ወላጅ ልጅ በብርድ ከአጥር ውጭ የሚቆም ከሆነ የጠየቃችሁት ፈቃድ አይደለም፣ ጣት ነው። አባቴ እጁን ታጥቦ የቀረበው የጠየቁት መስሎት ነው። ያን ክብሩን ያረከሱትን ሁለቱን ሰዎች አፈር ከበላቸው ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን ዛሬም ስማቸውን ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ ሲመሽ ግን የምጣላው ከነሱ ጋር አይደለም። አባቴ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እኔም እፎይ ባልኩ ነበር። አልተቆጣኝም።